ወደ ኋላ የሄደችው ጀልባ

በፊደል ጉዳይ ትሑት ነኝ ብዬ አልዋሽም። ደንደን ያለ፣ ወደ ፊት ዘንበል ያለ፣ ቆሞ እንኳ የሚሮጥ የሚመስል የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተር ላይ ስሠራ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። የማተሚያ ቤቱ አለቃዬ "ፊደል እንደ ሰካራም አይንገዳገድም" ሲለኝ ሥራዬን ጥዬለት ወጣሁ። ታቦር ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ የራሴን የማስታወቂያ ሥራ ከፈትኩ። እናቴ "አብደሻል" አለችኝ። አላበድኩም፤ ደንበኛ ብቻ አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ሐይቅ ዳር ሰው በጀልባ የሚያንሸራሽሩ አዛውንት ነበሩ። አዲስ ሞተር አስገብተዋል፤ ጀልባቸው ፈጣን መሆኗን እንግዳው ገና ከዳር ሆኖ እንዲያውቅላቸው ይፈልጋሉ። በዚያ ፊደሌ "ገስጋሽ" ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው ራቅ አድርገው አዩትና "ይሮጣል" አሉ። መነጽራቸውን የረሱ መሰለኝ። ሌሎቹ ባለጀልባዎች ደግሞ "እስቲ የእሳቸው ይታይ" ብለው እየጠበቁ ነበር። ከወደዱት እንጀራዬ ተገኘ፤ ካልወደዱት አለቃዬ ጋ ተመልሼ ይቅርታ መጠየቄ ነው።

ጽሑፉን በጀልባዋ በሁለቱም ጎን ለጠፍኩላቸው። ልጃቸው ሲነዳት እሳቸው ከእኔ ጋር ዳር ቆሙ። ቀኝ ጎኗን አሳይታን ስታልፍ ሁሉም አጨበጨበ። ዞራ በግራ ጎኗ ስትመጣ ግን አዛውንቱ ፊታቸውን አጠቆሩ።

"ልጄ፣ በዚህ በኩል ወደ ኋላ እየሄደች ነው።"

ደሜ ፈላ። "አባባ፣ ፊደል የትም አገር ወደ ቀኝ ነው የሚያዘነብለው። እርስዎ ሞተርዎን ይዩ" አልኳቸው። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

"እንግዲያው አንሺልኝ" አሉ ረጋ ብለው። ባለጀልባዎቹ ሳቁ።

እልሄ አላስኬድ ብሎኝ እዚያው ዳር ተቀመጥኩ። ጀልባዋ ስትመላለስ አየኋት። በቀኝ ጎኗ ፊደሉ ከአፍንጫዋ ጋር አብሮ ይገሰግሳል። በግራ ጎኗ አፍንጫዋ ወዲያ፣ ፊደሉ ወዲህ፤ አንድ ሰው ከኋላ በገመድ የሚጎትታት ይመስላል። እውነታቸውን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ፣ የሚሄድ ነገር ግራ ጎን እንዳለው ትዝ አላለኝም።

ገልብጬ እንዳልለጥፈው፣ የተገለበጠ ፊደል አይነበብም። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ግራ ዘንበል አድርጌ እንደ አዲስ ሣልኩ። ሦስት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን ለጥፌ ስታልፍ አዛውንቱ በዓይናቸው ተከተሏትና "አሁን ሄደች" አሉ። ባለጀልባዎቹ ያኔውኑ ተራ ያዙ።

"ያ ሁሉ ሰው ያላየውን እርስዎ እንዴት አዩት?" አልኳቸው።

"እናንተ ታነባላችሁ" አሉኝ። "እኔ ማንበብ አልችልም። የማየው አካሄዱን ነው።"

ዛሬ ሐይቅ ዳር የኔን ፊደል ያልለጠፈ ጀልባ ብዙ አታገኙም፤ ባጃጆቹም ተከትለዋል። ለአለቃዬ ይቅርታ አልጠየቅኩም። አዲስ ፊደል ስጨርስ ግን መጀመሪያ ይዤው የምሄደው ወደ እሳቸው ነው።