ማንም ያልገዛቸው ካሴቶች

በቀደም እዚህ ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ፣ ገበያ ውዬ በረክሻ፣ እናንተ ባጃጅ በምትሉት፣ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ሹፌሩ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶ አንድ የአማርኛ ዘፈን ከፈተ። ቀስ ብሎ የሚገባ አኮርዲዮን ነበረው፣ ደስ ይላል፣ ግን የማላውቀው ዘፈን ስለነበር የገዛሁት ቲማቲም እንዳይፈርጥ ጭኔ ላይ አቅፌ መንገዱን ማየቴን ቀጠልኩ። ከዚያ ጉንፋን የያዘው የሚመስል የወንድ ድምፅ እየዘፈነ መጥቶ መጥቶ፣ ከአንድ ስንኝ መሃል «ሳልዘጋው» የምትል ቃል ላይ ሲደርስ ወደ ድምፁ ስንጠራራ ቲማቲሙ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ከዚያች ቃል ወዲህ ያለውን ዘፈን እስከ መጨረሻው በቃሌ እወጣዋለሁ። ከዚያች ቃል በፊት ያለውን ግን በእነዚህ አርባ ዓመታት አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሹፌሩን የማን ዘፈን እንደሆነ ብጠይቀው፣ ስልኩ ከኢንተርኔት በራሱ እያመጣ እንደሚያጫውት እንጂ ሌላ እንደማያውቅ ነገረኝ። እኔ ግን አውቃለሁ። «አምስቱ ጎረቤታሞች» የሚባለው ባንድ ያወጣው አራተኛ ካሴት ላይ ያለ ነው፤ ያን ካሴት ያደግሁባት ገዳሪፍ ውስጥ ያስመጣው አባቴ ብቻ ነበር፣ ከአባቴም የገዛው ሰው አልነበረም።

አባቴ ሰይድ ከእህል ገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ካሴት ይሸጥ ነበር። «አምስቱ ጎረቤታሞች» እሱ ጎንደር በጎረመሰበት ዘመን ስማቸው የገነነ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካሴቶቻቸው ያልተጨፈረባቸው ሰርግ የለም፣ ካሴቶቹ ገዳሪፍም ከመጡ በኋላ ሱዳኖቹ ቃሉ ሳይገባቸው እጃቸውን ወደ ላይ እያነሱ ጣታቸውን ያጮሁላቸው ነበር። አባቴም ስማቸውን አምኖ የኋለኞቹን ካሴቶች ሳይሰማ አንድ ትልቅ ካርቶን አስመጣ። የኋለኞቹ ግን ሌላ ነበሩ። ዋናው ዘፋኝ ባንዱን ጥሎ ሄዶ፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ራሱ በዚያ በሻከረ ድምፁ ይዘፍናል፣ ከበሮው ቀዝቅዟል፣ የሚያስጨፍር አንድም የለበትም። ደንበኛ ሱቁ ውስጥ ትንሽ ሰምቶ «ይኼስ የለቅሶ ነው» እያለ ይመልሰው ነበር። ነጋዴ ጓደኞቹ «ሰይድ ስም ገዝቶ ቤቱን ሞላ» እያሉ ሲያሾፉበት እሱም አብሯቸው ይስቅና ካርቶኑን በእግሩ ወደ መደርደሪያው ሥር ይገፋው ነበር።

እናቴ ዘይነባ ወደ ጎንደር የሄደችው ሰሊጥ ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን ነው። ደረቷን ያማት ነበር፤ የገዳሪፍ ሙቀትና የገበያው ብናኝ ሲብስባት ሐኪሙ ወደ ደጋ ሄዳ እንድትታከም፣ እስክትድንም ከልጅ ጋር እንዳትተኛ ነገራት። እኔ ያን ጊዜ ገና አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ በወጣትነቱ ድንበሩን ተሻግሮ የወጣበት፣ ቤታችን ውስጥ ስሙ የማይነሳ ጉዳይ ስለነበረበት ሊከተላት አይችልም፣ እናቷ ቤት ደግሞ ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም። ከገዳሪፍ እስከ ድንበሯ ከተማ ገላባት ጭነት የሚያመላልሰው ሹፌሩ ይማም ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦ ወሰዳት፤ ከዚያ ወዲያ በጎንደር መኪና ተሻገረች። ከመሳፈሯ በፊት ፀጉሬን ጎንጉናልኝ ነበርና፣ ጉንጉኑ እንዳይፈታ ብዬ ብዙ ቀን ራሴን አላስነካም አልኩ። ጎረቤታችን ሐቦባ ሐዋ፣ በዐረብኛ «አያት» ብለን የምንጠራት ሱዳናዊት አሮጊት፣ በስንት ማባበል ፈታችው።

በዚያ ዘመን የእኛ አገር ሰው ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ድምፁን ይልክ ነበር። ከጎንደርና ከመተማ ለአጨዳ የሚመጡት ሰዎች ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። ማንኛውንም የዘፈን ካሴት ይዘው ጀርባው ላይ ያሉትን፣ መቅዳት የሚከለክሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በጥጥ ይወትፉና መቅጃውን ተጭነው በዘፈኑ ላይ ያወሩበታል፤ ካሴቱ አገር ቤት ሲደርስ የተላከለት ሰው ሰምቶ ሲጨርስ በዚያው ላይ መልሱን ተናግሮበት ይመልሰዋል። የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ ካሴትም ዝም ብሎ አይመለስም ነበር። ክፋቱ፣ መልስ በሰጠህ ቁጥር የሰማኸው ድምፅ ይጠፋል። አባቴ የእናቴ ድምፅ እንዲጠፋ አልፈለገም። የእሷን ካሴቶች መደርደሪያ ላይ እያስቀመጠ፣ ለመልሱ ከዚያ ከማይሸጠው ካርቶን አዲስ ያወጣ ነበር። እንዲህ ሆኖ ነው ማንም ያልፈለገው ካርቶን የቤታችን ትልቁ ንብረት የሆነው።

ዓርብ ከሰዓት፣ ከጁምዓ መልስ ሱቁን ዘግቶ ይመጣና ቴፑን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ መጀመሪያ እሱ ሰላምታውን ይቀዳ ነበር። ከዚያ ለእኔ ይሰጠኛል። እኔ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ድመቷ፣ ሐቦባ ሐዋ ስላበላችኝ ነገር አወራ አወራና መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» እላለሁ። በዚያው መንገድ ይማም ይወስደዋል፣ ይቆያል፣ የእሷን ድምፅ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው መልሷ ረጅም ነበር። አባቴን የቤቱን ጣሪያ አሳድሰሃል ወይ አለችው፣ ፀጉሬ እርጥቡን እንዳይጎነጎን አዘዘች፣ የሴት አያቴን ዶሮ ሳይቀር አወራችልኝ፣ በመጨረሻም ክረምቱን በሱዳኖቹ ስም ጠርታ «ሐዩ የኔ ልጅ፣ ኸሪፍ ሳይገባ እመጣለሁ፣ በይ ደኅና ዋይ» አለች። ቴፑ ቀጭ አለና ከሥሯ ያ አኮርዲዮን ተጫዋች ከስንኙ መሃል ብቅ አለ፤ «ሳልዘጋው» ብሎ።

አባቴ ሱቅ ሲውል እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ብቻዬን ነበርኩ። ሐቦባ ሐዋ በአጥሩ በኩል ትጠራኛለች እንጂ እሷም ሥራ ነበራት። ያን ካሴት አስጀምረው ነበር፤ እናቴ ታወራለች፣ ትሰናበታለች፣ ዘፈኑ ይመጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ ዘፈኑን ጠልቼው ነበር፣ እሱ መጣ ማለት እሷ ሄደች ማለት ስለሆነ። ኋላ ግን እሷን ካሰናበትኩ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው እሱ ብቻ ሆነ። ካሴቱን ገልብጬ ማንም ያልተናገረበትን ገጽ መስማት ጀመርኩ። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው፣ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው እያልኩ ሦስቱንም ካሴቶች ለመድኳቸው። የሰርግ ዘፈኖቻቸውን አገር ሁሉ ያውቃቸው ነበር፤ እነዚህን የማውቃቸው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ትምህርት ቤት አንዱን ሳንጎራጉር ልጆቹ ከየት ያመጣሁት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ከቤቴ አልኳቸው።

የበጋው ሙቀት ሲበረታ ግቢ ውስጥ እናድር ነበር። አባቴ ሦስቱንም አንገረቦች፣ በገመድ የተጠለፉ አልጋዎቻችንን፣ በየምሽቱ ያወጣቸዋል፤ የእናቴንም አንጥፎ ትራሷን ያስቀምጥባታል። ለጨዋታ የመጣ እንግዳ እዚያ ላይ ሊቀመጥ ሲል በጨዋ ደንብ እጁን ዘርግቶ «ሰው አለበት» ይለውና የራሱን ያስጠጋለት ነበር። እንግዳው ዙሪያውን ያይና የተጠጋለት ላይ ይቀመጣል። እኔ አባቴ እንዲህ ሲል እኮራ ነበር፣ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጣ ያለች ይመስለኝ ነበርና።

ኸሪፍ፣ ያ የሱዳን ክረምት፣ እየቀረበ ሲመጣ የእናቴ መልሶች ማጠር ጀመሩ። እሷ ከእኛ አጥራ ስትናገር ደግሞ እኛ የተናገርነው ሳይጠፋ ይቀራል። እናም «ደኅና ዋይ» ካለች በኋላ ዘፈኑ መምጣቱን ትቶ የእኔ የራሴ ድምፅ ይመጣ ጀመር። በመጀመሪያ የሰማሁት «...የምትመጪው?» የምትለዋን ጫፍ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ድመቷን ጨምሮ መጣ። በሚቀጥለው ትምህርት ቤቱም። እሷ ባነሰች ቁጥር እኔ እየበዛሁ ሄድኩ፤ ያን ያህል የሚያስጠላ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። ሰልችቻታለሁ ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ለአባቴ መናገር እንደማልፈልግ፣ እሷም ብትሆን ለእኔ የምትለው እንዳለቀባት ነገርኩት። ቴፑን አጠፋና አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«ያጠራት ትንፋሽ ነው ልጄ» አለኝ፤ «ነገርማ ሞልቷታል።»

አልገባኝም። የገባኝ ካርቶኑ እየጎደለ መሆኑ ነበር። እጄን እየሰደድኩ እዳብሰውና ካለቀ በእሷ ድምፅ ላይ ልንናገር ነው ብዬ እፈራ ነበር። ዳመናው ከብዶ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ አባቴ የመጨረሻዋን አውጥቶ ጥጥ ወተፈባት። ለጥያቄዬ ጊዜ እንዲኖራት ብዬ ያን ቀን ሌላ ምንም ሳልል «መቼ ነው የምትመጪው?» ብቻ አልኩ። ይማም ይዟት በወጣ በጥቂት ቀን ዝናቡ ያዘ፤ የገዳሪፍ ዋልካ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ደግሞ አንዴ ከራሰ መኪናም ሰውም አያሳልፍም። መንገዱ ተዘጋ። ኸሪፍ ሳይገባ እመጣለሁ ብላ ነበር፣ ኸሪፍ ገባ። ጣሪያውን የሚመታው ዝናብ ቴፑን አላሰማ ስለሚለኝ ጆሮዬን ማጉያው ላይ ለጥፌ እተኛ ነበር።

መንገዱ ደርቆ የተከፈተው ሰሊጡ ለአጨዳ ሲደርስ ነው። አንድ ከሰዓት ይማም መጣ። ሌላ ጊዜ ገና ከበሩ ጀምሮ የሚቀልድ ሰው፣ ያን ቀን ሐቦባ ሐዋ ያቀረበችለትን ውኃ እንኳን ሳይጠጣ ቆሞ «ጋሼ ሰይድ፣ አማናዎትን መልሻለሁ» ብሎ ካሴቷን በሁለት እጁ ሰጠውና ወጣ። በእኛ ዘንድ መርዶ አንድ ሰው ብቻውን ለአንድ ሰው አይናገረውም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በጠዋት ነው የሚነገረው። ይማምም በማግስቱ ከሽማግሌዎች ጋር ሊመጣ አስቦ እንደነበር ኋላ ነገረን። የተላከን አማና፣ የአደራ ዕቃ፣ ማሳደር ደግሞ ነውር ስለሆነበት ካሴቷን በዚያው ቀን መለሳት። ስህተቱ ይኼ ነበር፣ ምክንያቱም አባቴ ዓርብን እንኳን ሳይጠብቅ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ከፈታት።

«አሰላሙ ዓለይኩም ዘይነባ፣ እንዴት ሰነበትሽ» አለ ካሴቱ። የራሱ ድምፅ ነበር። አባቴ ተሳስቶ ሌላ የከተተ መስሎት አውጥቶ አየና መልሶ ከተታት፣ ጥጡ እሱ እንደወተፈው ነበር። እንደገና የራሱ ሰላምታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መጣ፤ ከዚያ እኔ መጣሁና ጥያቄዬን ጠየቅሁ፤ ከዚያ አኮርዲዮኑ ገባ። በላያችን ላይ የተናገረ ሰው አልነበረም። አባቴ ለማጥፋት እጁን አላነሳም። ያን ዘፈን ሲሰማው የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ ገጹ እስኪያልቅ አንገቱን ደፍቶ ሰማውና «ደግ ዘፈን ነበር» አለ። ከዚያ አቀፈኝ። እኔም ሽማግሌዎቹን ሳልጠብቅ አወቅሁ፣ አለቀስኩም።

በማግስቱ ግቢው በለቀስተኛ ሞላ። ሐቦባ ሐዋ ጉልበቷን ይዛ መቀመጫ ስትፈልግ የእናቴ አንገረብ አጠገብ ደርሳ ቆመች፣ ደንቡን ታውቀዋለችና። አባቴ አያት አያትና ትራሱን አንስቶ ጭኑ ላይ አድርጎ እንድትቀመጥ ምልክት ሰጣት። ከሁሉም ያመመኝ ያ ነበር።

ካሴቶቹን ለብዙ ዓመት አቆይቻቸዋለሁ፤ ከሰላ ሳገባም ይዣቸው መጣሁ። ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት ለካሴት አይራራም። የእናቴ ድምፅ መጀመሪያ እንደ ወንድ ጎረነነ፣ ቀጥሎ እንደ ነፋስ ሆነ፣ ቀጥሎ ጠፋ። አባቴም ካረፈ ቆየ። አሁን ልጄ ጅዳ ትሠራለች፤ በየቀኑ በስልክ ድምፅዋን ትልክልኛለች። አጭር ነው፣ ሥራ ላይ ናትና አልፈርድባትም፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም፣ ኸሪፍም አያግደውም። ግን ሲያልቅ ያው ያልቃል፣ ከሥሩ የሚቀጥል ነገር የለም። እሱን ሰምቼ ሳበቃ ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ጭር ይልብኛል።

የረክሻው ሹፌር ያን ቀን ቲማቲሜን ለቅሞ ዘፈኑንም ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ቤቴ ገብቼ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ከፈትኩትና ሙሉውን አንድ ጊዜ ሰማሁት። መግቢያው ያምራል። እሱ ሲጫወት እኔ ግን ሳላስበው ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ «ሐዩ የኔ ልጅ፣ ኸሪፍ ሳይገባ» እያልኩ ነበር፣ «ደኅና ዋይ» ብዬ ስጨርስም ዘፋኙ «ሳልዘጋው» አለ፣ ልክ በቦታው። ከዚያ ወዲህ ስከፍተው በጣቴ ወደፊት እየገፋሁ ከዚያች ቃል ነው የምጀምረው። ትናንት ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበርና፣ ሁልጊዜ ለምን ከመሃሉ እንደምጀምረው ጠየቀችኝ።

«መጀመሪያው ላይ ሰው አለበት» አልኳት።