ፊቷን ወደ ደጁ ያዞረችው የክርስትና እናት

አረጋሽ ልትፈታው የተነሣችው ችግር ሲያዩት ትንሽ ነበር፤ አንድ የጠፋ ስም መፈለግ። ስሙ የእሷ አይደለም። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ክርስትና ያነሣቻት የጎረቤቷ ልጅ፣ የትሕትና የክርስትና ስም ነው። ስሙ መጥፋቱን ደግሞ በዓለም ላይ ከአረጋሽ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የተነሣው በሁዳዴ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። አረጋሽ ከሞላሌ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው የጊዮርጊስ አጥቢያ፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ነው። የእሷን ፈትል ሸማኔዎቹ ባና የሚባለውን ወፍራም የሱፍ ልብስ ያደርጉታል፤ በመንዝ ብርድ ደግሞ ባና የማይፈልግ የለም። ትሕትና ከጤና ጣቢያ ሥራዋ ስትመለስ ጎራ አለችና ጉልበቷን ሳመቻት።

«እማማ፣ ቀኑ ተቆረጠ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ከዮሴፍ ጋር በተክሊል እንጋባለን።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!»

«እና መምሬ የክርስትና ምስክር ወረቀት ሊጽፉልኝ ነው። ያነሣችሽ እናት ትምጣና ስምሽን በቃሏ ትመስክር ብለዋል። ወለተ ሥላሴ ብለው መናገር ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም አያለፋዎትም።»

እንዝርቱ ከአረጋሽ እጅ ወደቀ። አጎንብሳ እየፈለገች «እሺ» አለች። ብዙ ፈለገችው፤ እግሯ ሥር ነበር።

የክርስትና ስም ለአንድ ምእመን ምን እንደሆነ ካላወቅን የአረጋሽ ድንጋጤ አይገባንም። ትሕትና የሚለውን ስም እናቷ አወጣችው፤ ትምህርት ቤትም፣ መሥሪያ ቤትም፣ ስልክ ላይም የምትጠራው በእሱ ነው። የክርስትና ስሟ ግን በጥምቀቷ ቀን ከካህን አፍ የወጣ ነው። ስትቆርብ በእሱ ትጠራለች፤ ሲጸለይላት በእሱ ይጸለይላታል፤ ተክሊል ሲደፋላትም፣ አንድ ቀን ፍትሐት ሲደረግላትም በእሱ ነው። ሰው እግዚአብሔር ፊት ሲቆም ይዞት የሚቆመው ስም ነው። አረጋሽ ታዲያ ያን ስም ረስታው፣ በቦታው ሌላ አስቀምጣለች።

እንዴት ረሳችው? ቀኑ መጋቢት ሰባት ነበር፤ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን የሞላት ዕለት። አረጋሽ ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የስምንት በግ ፀጉር አጥባ፣ ከቤቷ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ አስጥታዋለች። በማለዳ ሕፃኗን ታቅፋ ክርስትና ቤት ስትገባ ከምዕራብ በኩል ደመና መምጣት ጀመረ።

የጥምቀትን ሥርዓት ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስደንቀው አይቀርም። ሕፃን አፍ የላትም፤ ስለዚህ የክርስትና እናት አፏን ታበድራታለች። እግር የላትም፤ እግሯንም ታበድራታለች። መጀመሪያ ሕፃኗን ይዛ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ወደ ምዕራብ ትቆምና ስለ እሷ ሰይጣንን ትክዳለች። ቀጥሎ ትዞራለች። ፀሐይ ወደምትወጣበት ወደ ምሥራቅ ፊቷን መልሳ ስለ እሷ በክርስቶስ ታምናለች። ውኃው፣ ሜሮኑ፣ በአንገት የሚታሰረው ባለ ሦስት ቀለም ማተብ፣ ሁሉም ከዚያ መዞር በኋላ የሚመጣ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አንዲት ሴት በሁለት እርምጃ የሌላን ሰው ሕይወት ከአንድ አቅጣጫ ወደ ሌላው ትመልሳለች!

አረጋሽ ግን ያን ቀን የምታየው ደመናውን ነበር። የክርስትና ቤቱ ደጅ ወደ ምዕራብ ይከፈታል። አጥማቂው ካህን አባ መርስዔ ኃዘን ይናገራሉ፤ እሷ አዎ ትላለች። ልብሽ ያምናል? አዎ። ሃይማኖቷን ታስተምሪያታለሽ? አስተምራታለሁ። ፀጉሩ ግን ይርስ ይሆን? ስሙ ሲወጣ በጆሮዋ ገብቶ በዚያው ወጣ።

ቅዳሴው ሊያበቃ ሲል ሕፃኗን ይዛ ለቁርባን ስትቀርብ፣ ክርስትና ቤት ያልነበሩ ሌላ ካህን ናቸው የሚያቆርቡት። «ስመ ክርስትናዋ?» ሲሉ አረጋሽ ፈልጋ አጣችው። ቀኑ ሰባት፣ የሥላሴ ዕለት መሆኑ ትዝ አላት። «ወለተ ሥላሴ» አለች፤ ቅዱስ ቁርባኑ ፊት ቆማ። ክርስትና ቤት ያልገባችው እናትየው ይዘንጋሽ ቅጽሩ ጋ ስትጠይቃትም ያንኑ ደገመችላት። ከዚያ ዝናቡ ጀመረና ሮጠች።

አባ መርስዔ ኃዘንን በማግሥቱ ልትጠይቃቸው አሰበች። በማግሥቱ አፈረች። በሳምንቱ የባሰ አፈረች፤ በዓመቱ ጭራሽ የማይነገር ሆነ። በሦስተኛው ዓመት አባ መርስዔ ኃዘን አረፉ። ይዘንጋሽ ደግሞ ለልጇ ስም ብላ በየወሩ በሰባት ቀን የሥላሴን ዝክር መዘከር ጀመረች፤ ትሕትና ስታድግ ራሷ ተረከበችው። ዳቦውን ጋግራ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት ነዳያን ትቆርሳለች፤ ከፍ ያለውን ቁራሽም ሁልጊዜ ለአረጋሽ ታመጣላታለች። አረጋሽ ከዚያ ዳቦ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳታፍር ውጣ አታውቅም።

አሁን ግን መመስከር መጣ። በድጋሚ ከመዋሸቷ በፊት እውነተኛውን ስም ልታገኘው ተነሣች። ያን ቀን ክርስትና ቤት ከነበሩት በሕይወት ያለው የያኔው ዲያቆን አስቻለው ብቻ ነው፤ ድቁናውን ከተወ ቆይቶ አሁን ዘመሮ ከተማ ላይ ጎማ ይጠግናል። ማክሰኞ በጠዋት መኪና ሄደች። አስቻለው ከአንድ አይሱዙ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አያት።

«አወቅኸኝ?»

«እትዬ አረጋሽ! እርስዎንማ እንዴት እረሳለሁ? በድቁናዬ ዘመን ያን ሁሉ ሰው ክርስትና ሲያነሣ አይቻለሁ፤ ሰይጣንን ክደው ሲያበቁ አልዞርም ያሉ እርስዎ ብቻ ነዎት!»

«አልዞርም አላልኩም።»

«አላሉም፤ ግን አልዞሩም! አባ ወደ ምሥራቅ ይላሉ፣ እርስዎ ወደ ደጁ ተገትረዋል። በትከሻዎ ይዤ ያዞርኩዎት እኔ ነኝ። አምናለሁ ያሉትንም ግማሹን ወደ ምዕራብ ነው ያሉት።»

ጎማው እስኪጠገን የሚጠብቀው ሾፌር ሳቁ አመለጠው። «ታዲያ እናቴ፣ ያመኑት ማንኛውን ነው?»

አረጋሽ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበችው። ይህን ደግሞ አታስታውሰውም ነበር። ስሙን ስትጠይቀው አስቻለው ሳቁን አቆመ። «እኔ ውኃ ያዥ ነበርኩ እትዬ። ስሙን አላስታውስም። ለምን ነው?» በመጣችበት መኪና ተመለሰች፤ መንገዱን ሙሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ።

የቀራት አንድ መፍትሔ ነው፤ መኪናው ውስጥ ሆና ስታስበው ደግሞ መልካም መሰላት። በማግሥቱ መምሬ ወልደ አማኑኤልን ከቅጽሩ ሥር አገኘቻቸው። የነፍስ አባቷ ናቸው፤ የትሕትናን ወረቀት የሚጽፉትም እሳቸው። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሲያዳምጧት አንዴም ቀና ብለው አላዩዋትም፤ ይህ ምሕረት እንደሆነ ገብቷታል።

«እና አባቴ፣ እንደገና ትጠመቅ። ስም ይውጣላትና ነገሩ ይለቅ።»

«አንቺን እናትሽ ስንቴ ወለደችሽ?»

«አንዴ ነዋ።»

«ጥምቀትም ልደት ነው፤ አይደገምም። ልጅቷ የተጠመቀችው በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ነው፤ የተጠመቀችበትን ስም አልረሳሽም። የጠፋሽ የእሷ ነው። እሱንም አንቺ ብትረሺው እግዚአብሔር አልረሳውም። እኔ ጸልዬ፣ ከእንግዲህ የምትጠራበትን ስም አጸናላታለሁ።»

አረጋሽ ሃያ ሦስት ዓመት የተሸከመችው ነገር በዚህ ማለቁን ማመን አቃታት። መስቀሉን ተሳልማ ልትነሣ ስትል፣

«ተቀመጪ» አሏት። «ችግርሽ ስሙ መስሎሻል። ያን ቀን ሌላ ምን አደራ ተቀበልሽ?»

«ሌላ?»

«ሃይማኖቷን አስተምራታለሁ አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«አስተማርሻት?»

አረጋሽ አሰበች። በየእንቁጣጣሹ ቀሚስ ገዝታላታለች። በየፋሲካው ጠቦት ልካለች። ስትታመም ሌሊት ከእናቷ ጋር አድራለች። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረች።

«መልካም አድርገሻል። በይ ጸሎተ ሃይማኖትን በይልኝ።»

አረጋሽ ጀመረች። ሁለት ሐረግ ያህል ሄደች። ሦስተኛው ላይ ዜማው መጣ እንጂ ቃሉ አልመጣም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከሕዝቡ መሐል ቆማ የጎረቤቶቿን ድምፅ ተከትላ ስታጉረመርም ኖራለች፤ ብቻዋን ሆና ሞክራው አታውቅም። ከስሙ ይልቅ ይህ አዋረዳት፤ ስሙን የረሳችው በደመና ምክንያት ነው፣ ለዚህ ግን ምን ደመና ታመጣለች?

መምሬም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ መታዘዝ ብዙ ሰው እሺ ማለት ይመስለዋል። አንቺ ያን ቀን እሺ ያላልሽው ነገር የለም። አባ የጠየቁሽን ሁሉ አዎ ብለሻል። ግን አዎ ያልሽበት ሥራ የሚጀምረው ከክርስትና ቤት ስትወጪ ነበር። ዙሪ ሲሉሽ መዞር፣ አስተምሪ ሲሉሽ ማስተማር፤ መታዘዝ እሱ ነው። አሁንም ጊዜ አለሽ። በመጀመሪያ እውነቱን ለልጅቷም ለእናቷም በራስሽ አፍ ንገሪ። ከዚያ ጸሎተ ሃይማኖትን እስከ ሠርጉ አጥንተሽ ለትሕትና አስተምሪያት። ቀኖናሽ ይህ ነው።»

«እሷ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደገችው አባቴ። በቃሏ ታውቀዋለች።»

መምሬ ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያው ከእሷ ተማሪ» አሉ።

«ከልጄ?»

«ከልጅሽ።»

ለይዘንጋሽና ለትሕትና የነገረቻቸው በይዘንጋሽ ቤት፣ ሐሙስ ከሰዓት ነው። የተቀመጠችው መደቡ ላይ ሳይሆን ከበሩ ጎን መሬት ላይ ነበር። ይዘንጋሽ በመጀመሪያ ቀልድ መሰላት።

«ተይ አንቺ!»

«እውነቴን ነው አበልጄ።»

«በስምንት በግ ፀጉር? የልጄን ስም ለበግ ፀጉር ብለሽ ጣልሽው? እኔ እኮ ከእህቶቼ ለይቼ አንቺን መረጥኩ! ያውም እነሱ ፀጉር የላቸውም ነበር፣ ገብስ ብቻ ነው የሚያጭዱት!»

ትሕትና ግን አልጮኸችም፤ ይህ የባሰ ነበር። ማተቧን በጣቶቿ እያሻሸች፣ «እማማ፣ በየሰባቱ ዳቦውን ሳመጣልዎት ያውቁ ነበር?» አለች።

«አውቅ ነበር።»

«እያወቁ ይመርቁኝ ነበር?»

«አዎ።»

ትሕትና ተነሥታ ወጣች። በሚቀጥለው ሳምንትም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም አልመጣችም። መጋቢት ሰባት ደረሰና የዝክሩ ቁራሽ ወደ አረጋሽ ቤት ሳይመጣ ቀረ። ያፈረችበትን ዳቦ ይህን ያህል ትናፍቀዋለች ብላ አስባ አታውቅም።

ጸሎቱን ብቻዋን እንዳታጠና ማንበብ አትችልም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ላይ አንድ ሐረግ በጆሮዋ ትለቅምና ሳምንቱን ሙሉ ከእንዝርቱ ጋር ታሽከረክረዋለች። በዚህ መንገድ ከቀድሞዎቹ ሁለት ጋር አምስት ሐረግ ያዘች፤ ሁለቱን አዛብታ። ማዛባቷን ያወቀችው ትሕትና ስትነግራት ነው።

ትሕትና የመጣችው በደብረ ዘይት ማግሥት፣ ከሥራ መልስ ነው። ጉልበቷን አልሳመቻትም። የክትባት ሣጥኗን ከግድግዳው አስጠግታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«መምሬ ነገሩኝ» አለች። «ለሠርጉ ስሜን ወለተ ሥላሴ ብለው ያጸኑልኛል። እኔ ነኝ ይሁን ያልኩት። ያን ሁሉ ዝክር የዘከርኩበት ነው፤ አልለውጠውም።»

«ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ገና ነኝ። እስቲ ጸሎተ ሃይማኖትን ይበሉ፣ የት ደርሰዋል?»

አረጋሽ እንዝርቱን አስቀመጠች። በርጩማዋን አዙራ ጀርባዋን ለደጁ ሰጠች፤ ደጁ ወደ ምዕራብ ነው። ጀመረች። ትሕትና ሁለቱን የተዛቡ ቃላት አረመቻት፤ ድምፅዋ ልጆች ስትከትብ እንደምታሰማው ነበር፣ ቆጣ ያለ ግን የማይቸኩል። ስድስተኛውን ሐረግ ሰጠቻት። ሰባተኛውን ሰጠቻት።

«በአንዲት ጥምቀት እናምናለን የሚለው መቼ ነው የሚመጣው?» አለች አረጋሽ።

«እሱ ወደ መጨረሻው ነው። ገና ብዙ ይቀርዎታል።»

ከአረጋሽ ኋላ የበልግ ነጎድጓድ ተሰማ። ቋጥኙ ላይ የተሰጣ ፀጉር አለ፤ ጠዋት ነው ያጠበችው። ትሕትና በደጁ አሻግራ ደመናውን አየች፣ ከዚያም የክርስትና እናቷን አየች። የአረጋሽ አንገት በራሱ መዞር ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ ራሷ ገታችው። የያዘችው ሐረግ በድንጋጤ ከአፏ ጠፍቶ ስለነበር እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ዓይኗን ከትሕትና ፊት ሳትነቅል፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ።