ነፋስ ያመጣው እንግዳ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ የፈቃዱ አርባ ወጣ። እንግዳው ከተሸኘ በኋላ የመጨረሻ ልጁ፣ «አጎቴ፣ አባዬ እማዬን እንዴት አገባት?» አለችኝ።  እንዲህ ብዬ ጀመርኩ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ፈቃዱ አምቦ አብራው የተማረችውን ጫልቱን ሊያገባ፣ እሁድ ወደ አባቷ ሽማግሌ እንዲላክ ቀን ተቆርጧል። ልቡ አላርፍ ስላለው ሐሙስ ዕለት ወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ልንሳለም ሄድን። ስንመለስ ነፋስ ተነሳ። ባለታንኳው ሐሮ ወንጪ የምትባል የሐይቅ ዳር መንደር አወረደንና፣ «ውሃው እስኪተኛ መንደሩን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ» አለን።

ጥቅምት ነበር። ክረምት የጠገበው መሬት ጫማችን ሥር ይጨመቃል። የእንሰቱ ቅጠል ከሰው ቁመት በልጦ መንገዱን አጨልሞታል። መንደሩ ውስጥ ፍል ውሃ አግኝተን እግራችንን ነከርን። ፈቃዱ ፈረስ ባየ ቁጥር የሚገዛ ይመስል ጥርሱን ይመረምራል።

አጥር የሚጠግኑ አንድ ሰው «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም አሉን። ነፋስ እንዳስቀረን ሲሰሙ፣ ሳትበሉ አትሄዱም ብለው አስገቡን። ትኩስ ቆጮ በአይብ ቀረበ። የእጅ ውሃ ይዛ የገባችው ጫልቱ ነበረች።

ፈቃዱ እጁን እንደዘረጋ ቀረ፤ ውሃው በእጅጌው ገባ። ቤታቸው በሐይቁ በኩል መሆኑን እንጂ የትኛው እንደሆነ አናውቅም ነበር። ሽማግሌ ሳይቀድም ጠያቂው ራሱ የልጅቷ አባት ቤት ብቅ ካለ ትልቅ ድፍረት ነው። ለዚህ ብቻ ልጃቸውን የከለከሉ አባቶች ነበሩ።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት አባቷ፣ ኦቦ ቱፋ።

ሌላ ስም ቢጠራ ማንም አያውቅበትም ነበር።  «የአምቦው የኦቦ ደበላ።»

«እሁድ ሽማግሌ የሚልኩት ደበላ?»

«አዎ።»

«ታዲያ አንተ በሐሙስ ምን ትሠራለህ?»

«ነፋስ ነው ያመጣኝ፣ አባባ።»

 የኦቦ ቱፋ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለካ ሳቅ ነው።

«በል ብላ። ዛሬ የነፋስ እንግዳ ነህ፤ እኔም አላየሁህም። ሽማግሌዎችህ ግን ቤቱን ጠይቀው ይምጡ፤ አንተ አታውቀውማ።»

አመሻሽ ላይ ታንኳው ውስጥ ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ ጫልቱ ጥቁሯን እንደለበሰች ከጓዳ ወጣች።

«ፍል ውሃው ጋ ሆናችሁ ከላይ አይቻችሁ ነበር» አለች። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አልነገረችንም። «አባቴ መንገደኛ ሳያስገባ አያሳልፍም፤ ሰው ልኬ ላስመልሳችሁ እችል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተውሽ?»

«ማንነቱን ሲጠየቅ ምን እንደሚል ልሰማ።»

ፈቃዱ ይህን ሳይሰማ ሄደ። ቢሰማ እንዴት እንደሚስቅ ሳስበው፣ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ሳቅሁ።