ዜሮ ጽፈናል

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እጅጌው ሁለቴ የተጠቀለለ የወንድ ካፖርት ለብሳለች። ጭኗ ላይ ላፕቶፕ ከፍታለች። መኪናው ባንገጫገጨን ቁጥር በአንድ እጇ ላፕቶፑን፣ በሌላው የካፖርቱን ኮሌታ ጭብጥ ታደርጋለች።

ወደ አንድ የገጠር ጤና ኬላ ደወለች። «እህቴ፣ የሳምንቱ የኩፍኝ ሪፖርት ከእናንተ አልመጣም ይለኛል ኮምፒውተሩ። ሳትሞሉት ቀርታችሁ ነው ወይስ ዜሮ ጻፋችሁ?»

«ኧረ ዜሮ ጽፈናል! አንድም ልጅ አልታመመብንም» አለች ከወዲያ ያለችው፤ ለእኔም ተሰማኝ።

«ተመስገን!» ብላ ወደ እኔ ዞረች፣ የምታውቀኝ ይመስል። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሪፖርቱን የሚቀበለውን ፕሮግራም ስጽፍ ‹ቁጥር ካለ ተቀበል› ብዬ በደፈናው አለፍኩት። እሱ ዜሮውን ምንም እንዳልተላከ ቆጠረው። እኔ ደግሞ በሽታ ገብቶ ነው ዝም ያሉት ብዬ ስባንን ሰነበትኩ።»

እየሳቀች አንዷን መስመር አጥፍታ በግልጽ ጻፈችው፦ ዜሮ ከሆነ ተቀበል፤ ካልተሞላ ጠይቅ። ስክሪኑ ላይ ቀይ የነበረው የቀበሌው ስም አረንጓዴ ሆነ።

ላፕቶፑን ከድና እንደገና ደወለች። «እማዬ፣ ደረትሽን ዛሬም አመመሽ? ዝም አትበይኝ እንጂ። አባዬም ዝም ሲለኝ ደህና ነው ብዬ አይደል ካፖርቱ ብቻ የቀረኝ? ካላመመሽ አላመመኝም በይኝ።»

«አላመመኝም አልኩሽ እኮ!» የሚል የአሮጊት ቁጣ ከስልኩ ወጣ።

መኪናው ክፉኛ አንገጫገጨን። ኮሌታውን ግን አልጨበጠችውም።