ለዶሮ የተነከረ ግብጦ

እትዬ ባንቺአየሁን ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ የማያውቃቸው አልነበረም። በጾም የሚቆረጠመውን ግብጦ ይሸጣሉ። ቆልተው በጆንያ ይቋጥሩና ጣና ዳር ከድንጋይ ጋር አስረው ይነክሩታል፤ ምሬቱ እስኪለቅ ሰባት ቀን። ምላሳቸው ግን ሰባት ዓመት ቢነከርም የሚለቅ አልነበረም። ጎረቤታቸው ነበርኩና አውቃለሁ።

በ፸፭ ዓ.ም. ቀበሌው አምሳ የፈረንጅ ጫጩት አምጥቶ እሳቸው ላይ ጣለ። ለሠራተኞች ቀን ግብዣ ወፍረው መድረስ አለባቸው ተባለ። ካልደረሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ሰው ወዴት እንደሄደ አይጠየቅም።

አብሮ የመጣው መኖ በሦስት ሳምንት አለቀ። ባለሙያ ተብሎ የተላከው ጎረምሳ፣ ጫማውን ጭቃ ነክቶት የማያውቅ፣ መላ አመጣ።

"ግብጦ ጥሬውን አስፈጭተው ይስጧቸው። ሥጋ ያወጣል።"

"ልጄ፣ ውሃ ካላገኘ እኮ ሰውንም ያዞራል።"

"መጽሐፉ ንከሩት አይልም።"

"መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ግብጦ በልቶ ያውቃል?"

ትእዛዝ ነውና ሰጡ። ዶሮዎቹ ቀምሰው ፊታቸውን አዞሩ፤ በአምስተኛው ቀን አራቱ ሞተው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ባለሙያውን "እሺ" እያሉ፣ እንደ ልማዳቸው ነክረው፣ ልጠው፣ ደቁሰው ከበቆሎ ጋር አበሏቸው። ዶሮዎቹ እንደ ካድሬ ወፈሩ። መሮጥም ተዉ።

ሚያዝያ ፳፫ ደረሰ። ጉዱ ቀኑ ሆሣዕና ላይ መዋሉ ነው። እቅድ ያወጣው ሰው ጾሙን ረስቶታል፤ ያስታወሰም ቢኖር ደፍሮ አልተናገረም። አዳራሹ ውስጥ የዶሮ ወጡ በየድስቱ ቀረበ። የቄስ ልጅ የሆነው ሊቀ መንበራችን ሀብተ ሥላሴ፣ በየስብሰባው "እግዜር የለም" እያለ የሚያስጨበጭበን፣ እንጀራ ቆርሶ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ጿሚ ነኝ ማለት አይችልም። ሌላውም እሱን እያየ ቆርሶ ይዟል። የማይጾመው የጨርቅ ነጋዴው ሙሀመድዘይን ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም።

ሀብተ ሥላሴ ማላከኪያ ሲፈልግ ዓይኑ እትዬ ባንቺአየሁ ላይ አረፈ።

"ምን አብልተዋቸው ነው እንዲህ ያበጡት? እኔ ይኸን ዶሮ ጠርጥሬዋለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።"

አጠገባቸው የነበሩት ወንበራቸውን አሸሹ። እኔም አልዋሽም፣ ለእሳቸው ማሰቤን ትቼ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ እለካ ጀመር።

እትዬ ባንቺአየሁ ለገበያ የያዙትን ቁና ሙሉ ግብጦ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ያበላሁት ይኸን ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ከጠረጠሩ ይመርምሩት።"

ሀብተ ሥላሴ አንዲት ፍሬ መረመረ። ቀጥሎ አንድ እፍኝ መረመረ። ኮሚቴው ተከተለው፤ ሙሀመድዘይንም ወንበሩን አስጠግቶ መረመረ። ወጡ እንዳለ ቀዘቀዘ። ቁናው ባዶ ሲሆን ጸሐፊው አፉን ጠርጎ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈ፦ "የዶሮው መኖ በሙሉ ድምፅ ተመርምሮ አጥጋቢ ሆኖ ተገኝቷል።"