«ማይኩን ያዢልኝ» ያለኝ መምህር

ይህ የደረሰው ባለፈው ጳጉሜን፣ ዳንግላ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ሥራ ቦታ ቁጭ ብዬ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ፈገግታው የደግ ሰው ፈገግታ አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

የምኖረውም የምሠራውም እንጅባራ ነው። ሁለት ነገር እወዳለሁ፤ ቴአትርና ከመሬት አንሥቶ የሚያሽከረክር መጫወቻ ሁሉ። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ፈቃድ እወጣና ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ጠዋት መዝናኛ ፓርክ፣ ከሰዓት በኋላ ቴአትር ቤት። ባልደረቦቼ «ሰው ለበዓል ወደ ዘመዱ ይሄዳል፣ አንቺ ወደ ዥዋዥዌ!» እያሉ ይስቁብኛል።

ያን ጊዜ ግን የመንገዱ ነገር አላስተማመነኝምና ሩቅ መሄዱን ተውኩት። ዳንግላ የበዓል ባዛር እንደተከፈተ፣ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ ላይ እያነሣ በጄኔሬተር የሚዞር ትልቅ ተሽከርካሪ መጫወቻ እንደመጣ፣ ከሰዓት በኋላም ድራማ እንደሚታይ ሰማሁና በሚኒባስ ሄድኩ። ከመናኸሪያው በጋሪ ባዛሩ በር ደረስኩ። ገና ሳልገባ በሞንታርቦ የሚመጣውን ድምፅ አወቅሁት። 

የድምፁ ባለቤት ዳንግላ ስማር የድራማ ክበባችንን ይመራ የነበረ መምህር ነው። ስሙን ልተወው። በወላጆች ቀን ለሚታየው ድራማ ዋናዋ ሴት እኔ ነበርኩ። ሁለት ወር ሙሉ ቃሌን ሳጠና ከረምኩ። አባቴ እርሻውን ጥሎ፣ ያጠበውን ጋቢ ለብሶ፣ ከዘንገና ሐይቅ በኩል መጥቶ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ድራማው ሊጀመር ሲል መምህሩ ማይክ ይዞ ወጣና «ዋና ተዋናይዋን ቀይረናል። ልጅቱ አማርኛ ብታወራም ምላሷ ገና አገውኛ ነው። ለጊዜው መጋረጃ ትጎትትልን» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቦታዬን የጓደኛው እህት ያዘች። እኔ መጋረጃ ጎተትኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ «መጋረጃውን ግን ደኅና አድርገሽ ነው የጎተትሽው» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። ከመምህሩ ስድብ ይልቅ ያቺ ማጽናኛ ስታቃጥለኝ ኖረች።

ባዛሩ ላይ መድረክ መሪው እሱ ነበር። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል እንጂ ያው ነው። ሰዉ ተሽከርካሪውን ከቦ ያያል፣ ደፍሮ የሚወጣ ግን የለም። መምህሩ «የዳንግላ ሰው ከፍታ ይፈራል እንዴ? እኔ ራሴ ወጥቼ አሳያችኋለሁ!» አለና ማይኩን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ወጣ። ሠራተኛው «ብቻዎን ከሆኑ ያዘነብላል፣ አንድ ሰው ይጨመር» አለ። ተራ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀና ብሎ አየኝ፣ አላወቀኝም።

በመጀመሪያው ዙር «ከተማችን ከእግሬ በታች ናት!» እያለ ይፎክር ነበር። በሁለተኛው ድምፁ ቀነሰ። በሦስተኛው ጫፍ ላይ ስንደርስ ጄኔሬተሩ ሳል ሳል አደረገውና ቆመ። እኛም እዚያው ቀረን። ሞንታርቦው ግን በመኪና ባትሪ ስለሚሠራ አልጠፋም።

ነፋሱ ወንበሩን ወዝወዝ አደረገው። መምህሩን ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል።

«እህቴ፣ ምን ሆነ?»

«ቆመ።»

«ማይኩን ያዢልኝ፤ ብረቱን በሁለት እጄ ልያዝ።»

ተቀበልኩት። አረንጓዴው መብራት በርቷል። ማጥፊያው አውራ ጣቴ ሥር ነው። አልነካሁትም። እንዲያውም አፉ አጠገብ ያዝኩለት።

«እመብርሃን! አውርዱኝ! ልጆቼን ሳላይ ልሞት ነው! እናቴ! እናቴ!» ዓይኑን ጨፍኖ ይጮኻል። ከታች መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ባዛሩ በሙሉ።

ቆይቶ የራሱ ጩኸት ከታች ተመልሶ ሲመጣ ሰማው። «ክፍት ነው እንዴ? ዝጊው! ስለ እግዚአብሔር ዝጊው!» እጁን ከብረቱ ማላቀቅ ግን አልቻለም።

«መምህር፣ ድራማ ሲያሠሩን ድምፅ ከሆድ ይውጣ ይሉን አልነበር? ይኸው የእርስዎ ከሆድ እየወጣ ነው» አልኩት።

ዓይኑን ገለጠ። «ተማሪዬ ነሽ?»

«በወላጆች ቀን መጋረጃ ያስጎተቷትን ልጅ ያስታውሷታል?»

«የቷን? ስንቱን ተማሪ ላስታውስ!»

አስታውሳለሁ ቢል ማይኩን የምዘጋው ይመስለኛል። እኔ ስንት ዓመት የተሸከምኩትን እሱ ያንኑ ቀን ረስቶታል። ሆን ብዬ ወደ ፊት ዘንበል አልኩ፤ ወንበሩ ተንቋቋ፣ እሱ ጮኸ። ማይኩን ወደ ራሴ አዞርኩና በአገውኛ መናገር ጀመርኩ።

ለበዓል ገበያ የወጣው የገጠር ሰው ሁሉ ወደ ላይ ቀና አለ። ከዚያ አዳራሽ ጀምሬ እስከ ወንበሩ ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ድምፄን ጎርነን አድርጌ እሱን አስመሰልኩ፣ «እናቴ!» ያለውንም ደገምኩላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። እንዲህ ያለ ተመልካች ከዚያ በፊት አላገኘሁም።

«ምን አልሻቸው? ስለ እኔ ነው?»

«አዎ፣ ስለ እርስዎ ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«ይህን ያህል ዘመን እዚህ ኖረው አገውኛ አይሰሙም? ይማሩታ።»

አራት ጎረምሶች ተሽከርካሪውን በእጃቸው እየገፉ አወረዱን። መምህሩ መሬት ሲረግጥ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ክንዱን ይዘው አነሡትና በአገውኛ አንድ ቃል ተናገሩት። መምህሩ እንደተሰደበ ሰው ተሸማቀቀ። ምን እንዳሉት እንድነግረው ወደ እኔ አየ። ሰውየው ያሉት «አይዞህ» ነው። አልተረጎምኩለትም።

ድራማው ከሰዓት በኋላ ያለ እሱ ታየ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄ እስኪግል አጨበጨብኩ።

በዚያው ለበዓል አባቴ ቤት ስሄድ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ማታውን አባቴን ሁለት ጊዜ ብቻውን ሲስቅ ሰምቼዋለሁ።

ለመስቀል ሰሞን የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። «የፈራ ሰው ላይ እንዲህ ይደረጋል? ተጸጽተሻል ወይ ልጄ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ልዋሽዎ?»

መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «እንግዲያ ሲጸጽትሽ ነይ» ብለው አሰናበቱኝ።

እስካሁን አልሄድኩም።