ሙጫው ያልደረቀባት ክረምት

ያቺን ክረምት ጠራዡ ዕድሜ ልኩን አልረሳትም። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ያባራ መስሎ ሰውን ከቤት ያስወጣና መንገድ ላይ ሲያገኘው እንደገና ይለቅበታል። የመጽሐፍ መጠረዣው ቤት ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ሠራተኛው ባልዲና ጣሳ ደርድሮ፣ ጠብ ጠብ የሚለውን እየሰማ ይሠራል። ልብስ አይደርቅም፤ ጫማ አይደርቅም፤ ይባስ ብሎ ሙጫው አይደርቅም። ከዱቄት የሚፈላው ሙጫ በበጋ ቢሆን ባንድ ቀን እንጨት ይሆናል። ያኔ ግን ሳምንት ሙሉ ከመጭመቂያው ብረት ሥር ተኝቶም፣ ሲነኩት እንደ በሽተኛ ግንባር ያልበው ነበር።

ደግ ነገር ቢኖር የሙጫው ምድጃ ነው። ጥግ ላይ ትልቅ ድስት ተጥዶ፣ ከሥሩ የወረቀት ቁራጭ ይማገድበታል። ጠራዡ ያኔ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ጎረምሳ ነው። ተራው ሲደርስ ጫማውን አውልቆ እግሩን ወደ እሳቱ ይዘረጋና፣ ቁራጩን በእፍኝ እያፈሰ ይወረውራል። ወረቀት ቶሎ ይነድዳል፣ ቶሎ ይሞታል፤ እጅ ማረፍ የለበትም። እንዲያ ያለ ሙቀት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም ይል ነበር፣ ስለዚያ ቤት ማውራት ደስ ይለው በነበረበት ጊዜ።

በዚያው ሰሞን የሽፋን ካርቶን ጠፋ። ከውጭ የሚመጣው ቀረ ተባለ። አለቃቸው ታዲያ ዘዴ አላጣም፤ አንድ ቀን ጭነት መኪና ሙሉ፣ በከረጢት የታጨቀ ወረቀት አስመጣ። ከአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን የወጣ፣ ውሃ ያበላሸው፣ ማንም የማይፈልገው ወረቀት ነው ተባለ። ሥራው ቀላል ነበር። ወረቀቱን በሽፋን ልክ መቁረጥ፣ አንዱን ባንዱ ላይ በሙጫ መደራረብ፣ ከብረቱ ሥር መክተት። ሲደርቅ ካርቶን ይሆናል። ወረቀቶቹ ከሽፋኑ ሰፋ ያሉ ስለነበሩ በቀኝ በኩል ያለው ዳር ሁልጊዜ ይቆረጣል፤ ቁራጩ ወደ ምድጃው ይሄዳል።

የስም ዝርዝር መሆኑን አይተዋል። የወታደር ስም መሆኑንም አይተዋል። ከጠራዡ አጠገብ የሚሠራ፣ ከቅጥነቱ የተነሳ ጭራሮ ብለው የሚጠሩት ባልደረባው ነበር፤ ሙጫውን እየለቀለቀ፣ «ስንቱን ጀግና ዱቄት በዱቄት አደረግነው» ሲል ሁሉም ሳቁ። ጠራዡም ሳቀ። ነገር ግን ጠራዥ የሚጠርዘውን ላንብብ ካለ ሥራው አይወጣለትም። ዐይኑ የወረቀቱን ዳር ነው የሚያየው።

የገዛ አባቱ ወታደር ነበር።

እሱ በእናቱ ሆድ ሳለ ነው አባትየው የዘመተው። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ጎረቤት ያነብላታል። ቀጥሎ ደብዳቤው እየራቀ ሄደ፣ በመጨረሻም የውሃ ሽታ ሆነ። ሞተ ብሎ የነገራት የለም። አንድ ሸቀጥ የሚያዞር ሰው ግን በሩቅ ከተማ፣ ሕፃን ታቅፎ ከሌላ ሴት ጋር ሲሄድ አየሁት አለ። ዐይኑ ይሁን ምላሱ፣ ማን ያውቃል? ሰፈሩ ግን የፈለገው ይህን ነበርና ከዚያች ቀን ጀምሮ እናትየዋ የኮብላይ ሚስት ተባለች። ጠራዡም ትምህርት ቤት በእግር ኳስ ሜዳ ሲሮጥ፣ «አባቱ ነው ያስተማረው፤ እሱስ ሮጦ ሮጦ የት ደረሰ?» ይሉት ነበር።

እናቱ ጥቁር አልለበሰችም፣ ሌላ ባል አላገባችም። በሩን ትዘጋለች እንጂ መወርወሪያውን አትወረውርም። ሌባ ይገባብሻል ሲሏት፣ «ሌባም ቢሆን ወንድ ነው፤ አንኳኩቶ ይግባ» ትላለች፤ ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን አትስቅም። እንዲህ ስትል ኖራ ጠጉሯ ነጣ፣ ዐይኗ ደከመ፣ ሚስቱ የሞተችበት ልጇም ተመልሶ ከእሷ ጋር መኖር ጀመረ። ጠራዡ ጡረታ በወጣ ማግስት ቁርስ ላይ ቁጭ ብለው ሳለ ሻዩን ከፊቷ ገፋ አድርጋ ተናገረች።

«ሞቶ እንደሆነ ላልቅስለት። ትቶኝ እንደሆነም ልርገመው። ልጄ፣ ሳልሞት አንዱን ስጠኝ።»

እሺ አላት። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ወደ ወታደሮች መዝገብ ቤት ተመላለሰ። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ አምፖሉ ሁልጊዜ ይበራል፣ አቧራው ጉሮሮ ይይዛል። የምትሠራው መነጽር ያደረገች ሴት ጥሩ ሰው ነበረች። የአባቱን ስም፣ መንደሩን፣ የዘመተበትን ዓመት ጽፋ ያዘችለት፤ ሲመጣ ወንበር ታቀርብለታለች። ለወራት ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ስታፈላልግ ቆይታ፣ አንድ ቀን ከሩቅ ገና ሲገባ ፊቷ ነገረው።

የአባቱ ጦር ክፍል ወረቀት የለም። መጋዘኑ አፍስሶ ስለተበላሸ ከመደርደሪያ ወጥቷል። ወዴት እንደሄደ ግን ተጽፏል፤ ለመጽሐፍ መጠረዣ፣ ለካርቶን እንዲሆን ተሰጥቷል ይላል።

«የትኛው ዓመት?» አላት።

ነገረችው። የትኛው መጠረዣ እንደሆነም ነገረችው። ሰውዬው ተነሣ፣ መልሶ ተቀመጠ። ምን ሆኑ አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎ ስትለው እጁን እያየ ነበር። ዳሩ ሲቆረጥ፣ ሙጫው ሲለቀለቅ፣ ጭራሮ ሲቀልድ፣ እሱ ሲስቅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣበት። አመስግኗት ደረጃውን ወጣ።

ጭራሮ በሕይወት ነበር። ልጁ ከከፈተችው ሱቅ በር ላይ በርጩማ አስወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ድሮም ቀጭን ነበር፣ አሁንማ ጥላው ከእሱ ይወፍራል። ጠራዡ የመጣበትን ሲነግረው ዐይኑ በራ።

«ያቺ ክረምት? ሽፋኑ ሁሉ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተቆለመመባት? እንዴት ትጠፋኛለች! የከተማው ውሃ ክፍል ሰዎች የሰጠናቸውን አረንጓዴ ጀርባ መዝገቦች ጠረጴዛ ላይ ሲያኖሯቸው እንደ ሕፃን አልጋ ይወዛወዛሉ ብለው መጥተው አለቃችንን ሲያዋርዱት ትዝ አይልህም?»

ትዝ አለው። ሙጫው ሳይደርቅ ስለወጣ ነው የተቆለመመው። እንግዲያው የዚያች ክረምት ካርቶን በዐይን ይለያል ማለት ነው።

«ለምን ፈለግሃቸው?» አለ ጭራሮ።

«አባቴ ውስጣቸው አለ።»

ጭራሮ ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ የጓደኛውን ፊት አየና አፉን ዘጋው። ቆይቶም በርጩማውን ወደ ጥላው ስቦ፣ «እኔ ነበርኩ የቀለድኩት፤ ትዝ ይለኛል» አለ።

የውሃ ክፍሉ መጋዘን ጠባቂ መዝገቦቹን አልከለከለውም። ወንድሜ ውሰድልኝ፣ ከአይጥ በቀር የሚያነባቸው የለም ብሎ ራሱ አወጣለት። የተቆለመሙት አረንጓዴ ጀርባዎች ከታች፣ ከሌላው ሁሉ ሥር ተደፍተው ነበር። ጠራዡ ሽፋናቸውን ብቻ በቢላዋው ገንጥሎ በከረጢት ተሸክሞ ቤቱ ገባ።

የዱቄት ሙጫ ለብ ባለ ውሃ ይለቃል። ግቢው ውስጥ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ሞልቶ፣ ሽፋኑን ነክሮ፣ ሲለሰልስ በጥፍሩ አንዱን ከአንዱ እያላቀቀ ያወጣል። እርጥቡን ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ እያደረገ ገመዱ ላይ ይሰቅላል። እናቱ ወንበሯን ደጅ አስወጥታ ትቀመጥና በየወረቀቱ፣ «እሱ ነው?» ትላለች። አይደለም ይላታል። ወረቀቱ ተቀድዶ ሊጥለው ሲል አንድ ጊዜ የእናቱ ድምፅ በድንገት ተለወጠና፣ «አትጣለው፤ የሰው ባል ነው» አለችው። ስለዚህ የተቀደደውም ተሰጣ። ከጎረቤት ክር የምትሸጠው ሴት በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ ያን ሁሉ ስም በንፋስ ሲርገበገብ አይታ የራሷን ልብስ የዚያን ቀን አላሰጣችም።

አባቱ የተገኘው ሽፋኖቹ እያለቁ ሲመጡ ነው። ስሙ ከነአባቱ ስም፣ ከነመንደሩ፣ አለ። ከዚያ ቀጥሎ፣ «ቆስሏል፤ ወደ ሆስፒታል ተልኳል» ይላል። ወደ የትኛው የሚለው በስተቀኝ በመጨረሻው ዓምድ ነው የሚጻፈው። እዚያ ጋ ወረቀቱ አልቋል።

ዳሩን አየው። ከላይ ቀጥ ብሎ ወርዶ ከታች ጥቂት ወደ ውስጥ ይገባል። በዚያ መጠረዣ ቤት ግራኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ቢላዋው ሲጨርስ እንዲህ እንደሚያዘነብል አለቃው ስንት ጊዜ ተቆጥቶበታል። ቁራጩ የት እንደገባ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። እግሩን አሙቆበታል።

እናቱ ዝም ማለቱን ሰማች። ዐይኗ ቢደክምም ጆሮዋ ደህና ነው።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት፣ እማዬ።»

«ሞቷል?»

«ቆስሏል ነው የሚለው። ሆስፒታል ልከውታል።»

«የት?»

«የቦታው ስም ተቆርጧል።»

«ማነው የቆረጠው?»

ውሸቱ ምላሱ ላይ ነበር፤ አይጥ ማለት ይችላል፣ ዝናብ ማለት ይችላል። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው እናቱ ፊት እንደ ሕፃን ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ። ከዚያም ክረምቷን፣ ከረጢቱን፣ ካርቶኑን፣ ምድጃውን፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት።

ወረቀቱን ስጠኝ አለችው። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ዳሩን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ዳሰሰችው። «ሻካራ የለውም» አለች፤ «እጅህ ጥሩ ነበር።» ተቆጥታ ይሁን አዝና፣ ከድምፅዋ መለየት አልቻለም። በመጨረሻ እሱ ራሱ፣ አልኮበለለም ማለት አይደለም ወይ፣ ሰው ሁሉ ሲዋሽ ኖሯል እኮ ሊላት ጀመረ፤ አላስጨረሰችውም።

«ከዳነ ለምን አልመጣም? ካልዳነስ የት ቀበሩት? እስከ ዛሬ አንድ ነገር ነበር የማላውቀው። አሁን ሁለት አደረግህልኝ።»

መዝገብ ቤት የምትሠራው ሴት፣ የዚያ ጦር ክፍል ቁስለኞች በሦስት ከተሞች ካሉ ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ይላኩ እንደነበር ነገረችው። ሦስቱም ሩቅ ናቸው። ጠራዡ አንድ ካፖርት፣ ቂጣ የሚያክል የተጣጠፈ ብርድ ልብስና ያን የመቁረጫ ቢላዋውን ይዞ ሄደ። ቢላዋው ምን ያደርግልሃል ሲባል ልማድ ነው አለ። እናቱን ለክር ሻጯ አደራ ሰጣት። እናቱ እስከ በሩ ሸኘችው፤ ቶሎ ተመለስም አላለችው፣ ካላገኘኸው አትመለስም አላለችው።

የመጀመሪያው ከተማ ሆስፒታል ትምህርት ቤት ሆኗል። የድሮውን የሚያውቅ ጠፋ። ይህን ጽፎ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር በኩል ላከ። ከሁለተኛው ከተማ ደግሞ፣ እዚህ የቁስለኞች መቃብር አለ፣ ድንጋዮቹ ግን ጽሑፋቸው ተሸፍኗል፣ አንድ በአንድ እያጸዳሁ ነው ብሎ ላከ። ክር ሻጯ ይህን ስታነብላት እናትየዋ ሰማች፣ ራሷን ነቀነቀች። ያን ሰሞንም የበሩን መወርወሪያ አትወረውርም ነበር። «አሁን የምጠብቀው ሁለት ነው» ትላለች።

ዝናቡ ሊገባ ሲል አረፈች። አላለቀሰችለትም፤ አልረገመችውም። ያቺን ወረቀት ትራሷ ሥር አገኟት፤ ዳሯ በጣት መዳሰስ ብዛት ሳስቶ ነበር።

ያው ሾፌር መርዶውን ይዞ ሲሄድ ጠራዡን አላገኘውም። መቃብሩን የሚጠብቀው ሰው፣ ድንጋዮቹን ጨርሶ፣ የሚፈልገውን ስም አጥቶ፣ ወደ ሦስተኛው ከተማ በሚሄድ መኪና ኋላ ተሳፈረ አለው። ሾፌሩ ወደዚያ የሚያደርስ ጭነት አልነበረውም፤ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም።

ጠራዡ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በሁለተኛው ከተማ ነው፤ ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለው የቁስለኞች መቃብር በር ላይ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ መኪና ሲጠብቅ።